አንድ ለአምስት የተደራጀው ኮምፒዩተሬ

ጠረጴዛችሁ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? ጥያቄው የጤና አይመስልም፤ ግን ታገሱኝ። ወረታ ላይ የጽሕፈትና የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ ከፍቼ እንጀራዬን እበላ በነበረበት ዘመን፣ "የጻፍክልኝ ነገር አሁን የት ነው ያለው?" ብሎ የማይጠይቀኝ ደንበኛ አልነበረም። ስክሪኑን በጣቴ ባሳይ ውሸት ይሆንብኛል። ጥግ ላይ አጎበር ውስጥ ወደተኛው ማሽን ባመለክት ደግሞ ሰውየው ከላይ እስከ ታች ያየኝና ቦርሳውን ጠበቅ ያደርጋል። አጎበሩ እንዴት እንደመጣ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ነገሩን ያመጣሁት እኔው ራሴ ነኝ። ኮምፒዩተሮች ልገዛ አዲስ አበባ ወርጄ አንድ ሱቅ ገባሁ። ክራቫት ያሰረ ሻጭ ሐሳቤን ሰምቶ አዘነልኝ።

"ለምን ብዙ ትገዛለህ?" አለኝ። "አንድ ጎበዝ ኮምፒዩተር ትገዛለህ። ከሱ ላይ አምስት ስክሪን በትንንሽ ሳጥን አድርገህ ትቀጥላለህ። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ያ አንዱ ነው። አምስቱ ጋ የተቀመጠው ሰው ግን የየራሱ ኮምፒዩተር ያለው ይመስለዋል። ቨርቹዋል ዴስክቶፕ ይባላል፤ ያለ የሚመስል ጠረጴዛ እንደማለት ነው።"

"ይመስለዋል?"

"ይመስለዋል።"

እኔ ደግሞ አንድ በሽታ አለብኝ። ያልገባኝን ነገር ሲነግሩኝ ከገባው ሰው አብልጬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሻጩ ስለ ሶፍትዌሩ ጠለቅ እያደረገ በሄደ ቁጥር እኔም ነቅነቅ እያልኩ ሄድኩ። በመጨረሻ ማጅራቴ ሲዝል ገዛሁት።

ሱቄ ወደ ደብረ ታቦር በሚታጠፈው መንገድ ዳር፣ ለተደራጁ ሰዎች ከተሠሩት የቆርቆሮ ሼዶች አንዷ ናት። የተደራጀሁት ከባለቤቴና ከአጎቷ ልጆች ጋር ነው። የአጎቷ ልጆች ሼዷን አይተዋት አያውቁም፤ አንደኛው እንዲያውም መደራጀቱን የሰማው ከቀበሌ ነው። ለኔ ግን ያቺ ሼድ ሁሉ ነገሬ ነበረች። ባለቤቴ መምህርት ሆና ስትመደብ ተከትያት የመጣሁ ሰው ነኝ፤ በአገሩ መሬት የለኝ፣ ከብት የለኝ። ከሼዷ ከወጣሁ ወረታ ላይ የምቆምበት ስንዝር ቦታ አልነበረኝም። ውሏ ደግሞ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር።

ይህን የሚያስታውሰኝ የጥቃቅንና አነስተኛ ባለሙያው አስናቀ ነው። ዕድሜያችን እኩል ስለሆነ አንተ እንባባላለን፤ ይህ ግን አላራራውም።

"ሼዱ ለአምራች ነው" ይለኛል። "አንተ ምን ታመርታለህ?"

"ደብዳቤ።"

"ደብዳቤማ እኛም እናመርታለን። ጎረቤትህ ጋሽ ፈንቴ ሩዝ ይፈለፍላሉ፤ ማስፋፊያም ጠይቀዋል። ውልህ ሲያልቅ ሼዷ ለሳቸው ናት። ሞዴል ካልሆንክ በቀር።"

ሞዴል እንዴት እንደሚኮን ስጠይቀው ግን እሱም አያውቀውም።

እንግዲህ በዚህ ጭንቀት ላይ እያለሁ ነው አያ ደረሰ የመጡት። አያ ደረሰ ክረምት ሲገባ ውኃ ከሚተኛበት ከሜዳው መሀል የሚመጡ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ጎረቤታቸው ድንበር ገፍቶ ሩዝ ዘርቶባቸዋልና አቤቱታ ሊያጽፉ ነው። ግማሹን ነገሩኝ፤ ጻፍኩ። ቀሪውን ምስክሮቼን ጠይቄ ልምጣ ብለው ሄዱ። በሳምንቱ ሲመለሱ ባለፈው የተቀመጡበት ሦስተኛው ስክሪን ላይ ሠልጣኝ ተቀምጣለች። አያ ደረሰ ከጀርባዋ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

"አያ፣ ወደዚህ ይምጡ፤ ይኼኛው ባዶ ነው" አልኳቸው።

"የኔ አቤቱታ ተዚህ ነው ያለ።"

"ሁሉም ላይ አለ፣ አያ።"

"ሁሉም ላይ? እንግዲያ ሰው ሁሉ አንብቦታላ!"

"እንዲያ ማለቴ አይደለም። እነዚህ ስክሪኖች ራሳቸው ምንም የላቸውም። ሁሉም ነገር ያለው እዚያ ትልቁ ጋ ነው።"

አያ ደረሰ ስክሪኖቹን፣ ከዚያ ኬብሎቹን፣ ከዚያ ማሽኑን ተራ በተራ አዩ።

"አምስት ራስ፣ አንድ ሆድ በለኛ።"

"እንዲያ ይበሉት።"

"ሲሸጥስ ስንት ተብሎ ነው የሚቆጠር?"

ለዚህ ጥያቄ መልሱን በመመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ብፈልግም አላገኘሁትም። አያ ደረሰ የሠልጣኟ ሰዓት እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁና ሦስተኛው ስክሪን ፊት ተቀመጡ። አቤቱታቸው ከፊታቸው ብቅ ሲል "ይኸው፤ አላልሁህም?" አሉኝ።

እዚህ ላይ የራሴን ብልጠት ልንገራችሁ። ሻጩ "ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱን መግቢያ ስም ክፈትለት" ብሎኝ ነበር። ምክሩ አድካሚ ሆኖ ስላገኘሁት አምስቱንም ቦታ በኔ ስም ከፈትኳቸው። ስለዚህ አምስት ሰው ተቀምጦ ሲጽፍ፣ ማሽኑ እንደሚያስበው ከሆነ አምስት ቦታ ላይ ተቀምጬ የምጽፈው እኔው ነኝ። የሁሉም ጽሑፍ አንድ ቦታ ይከመራል። ሱቄ ውስጥ ደግሞ ማንም ምንም ይጻፍ፣ ስሙን "ደብዳቤ" ብሎ ነው የሚያስቀምጠው። ማሽኑ "በዚህ ስም ሌላ ጽሑፍ አለ፤ ልተካው?" ብሎ ሲጠይቅ፣ ሠልጣኞቼ ለትልቅ ነገር እምቢ ማለት ያልለመዱ ጨዋ ልጆች ስለሆኑ "እሽ" ይሉታል።

የዚያን ዕለት አያ ደረሰ አቤቱታቸውን ጨርሰው፣ እኔም "ደብዳቤ" ብዬ አስቀምጬ ወረቀት ፍለጋ ስነሳ፣ ሌላው ስክሪን ላይ የአንድ ነጋዴ ልጅ የሠርግ ጥሪ እየተጻፈ ነበር። እሱም አለቀ፤ እሱም "ደብዳቤ" ተባለ፤ ማሽኑ ጠየቀ፤ ልጅቷ እሽ አለችው። እኔ ተመልሼ "ደብዳቤ" የሚለውን እንዲያወጣ ማተሚያውን አዘዝኩት፤ የወጣውን ሳላነብ ለአያ ደረሰ ሰጠኋቸው። አያ ደረሰ ግርጌው ላይ አውራ ጣታቸውን አሳርፈው ወስደው አስገቡ።

የመሬት ነገር የሚያዩት ሰዎችም ደብዳቤውን ተቀበሉ። ቁጥር ሰጡት፤ ማኅተም አሳረፉበት፤ አንድ ኃላፊም ጠርዙ ላይ "ባለሙያ ቦታው ድረስ ሄዶ ያጣራ" ብሎ መራው። ደብዳቤው ቦታና ቀን በደንብ ይናገራል፤ በዚህ በኩል እንከን የለበትም። ባለሙያው በተባለው እሑድ ሜትሩን ይዞ ሠርግ ቤት ደረሰ።

የሙሽራው አባት ተቀብለው አስቀመጡት፣ አበሉት፣ አጠጡት። ሰውየው ግን የተላከበትን የማይረሳ ሰው ነው። ጠግቦ ሲያበቃ ተነስቶ ዳሱን ለካ። ሲለካው ደግሞ ዳሱ የጎረቤት አጥር ጥሶ መግባቱን አረጋገጠ። ነገሩን እስከዚያ ቅጽበት ልብ ያላለው ጎረቤት ቅሬታ አደረበት። ሚዜዎቹ ሙሽሪትን ይዘው ሲመጡ የዳሱ አንድ ጎን እየተነቀለ ነበር። "ማን ላከህ?" ሲሉት ባለሙያው ደብዳቤውን አወጣ፤ ከግርጌው የአያ ደረሰ አውራ ጣት አለ።

"ወንድምዓለም" አሉኝ አያ ደረሰ በማግሥቱ ሱቄ ድረስ መጥተው፤ "አይቸው የማላውቀውን ሰው ዳስ ከሰስሁ አሉኝ። ይሁን። የኔን አቤቱታስ ማን በላው?"

በነጻ እንደገና ጻፍኩላቸው። ሦስተኛው ስክሪን ላይ።

አሁን ወደ ጋሽ ፈንቴ እንለፍ። ጋሽ ፈንቴ ከግድግዳዬ ወዲያ ያለው የሩዝ መፈልፈያ ባለቤት ናቸው። ሞተራቸው ሲነሳ መብራቱ የታመመ ሰው ዓይን ይመስላል። እንደ ሌላው ሰው ለየብቻቸው የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ቢኖሩኝ አንዱ ቢጠፋ አንዱ ይተርፍ ነበር። የኔው ግን ትልቁ ሲጠፋ አምስቱም እኩል ድርግም ይላሉ። ስለዚህ ከጋሽ ፈንቴ ጋር ስምምነት አደረግን፤ ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት በግድግዳው በኩል "ላስነሳ ነው!" ብለው ይጮኻሉ። እኛ ሁላችንም የጻፍነውን አስቀምጠን፣ ማሽኑን በወጉ አጥፍተን እጃችንን አጣጥፈን እንጠብቃለን። ሠልጣኞቼ ከትምህርቱ ሁሉ አስቀድመው የተካኑት ይህንኑ ነው። አንዷ ከአንበሳሜ የመጣች ልጅ ገበያ መሀል የሆነ ሰው "ላስነሳ ነው" ሲል ሰምታ ጣቶቿ በአየር ላይ ሲንቀሳቀሱ አየሁ ብላ ባለቤቴ ነግራኛለች።

መፈልፈያው ሌላም ጣጣ ነበረው። የሩዙ ገለባ ብናኝ በቆርቆሮው ስንጥቅ እየገባ የማሽኑን ማራገቢያ ይደፍነዋል። ማሽኑ ያስላል፣ ይግላል፣ ይዘጋል። በጨርቅ ብሸፍነው አየር አጣ። በመጨረሻ ለወባ የታደለንን አጎበር ከጣሪያው ላይ ወጥሬ ማሽኑን ከውስጥ አስተኛሁት። ብናኙ ቀረ፤ አየሩም ገባ። እኔና ባለቤቴ ግን ያለ አጎበር እያደርን ወባው እየተፈራረቀ ይጥለን ጀመር። አንድ ቀን ቤት ለቤት የአጎበር አጠቃቀም የምታይ የጤና ባለሙያ ወደ ሱቄ ጎራ ብላ ዙሪያውን ዞራ አየችና "እንዲህ በትክክል የተወጠረ አጎበር ሰው ቤት አላየሁም" አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ትኩሳትም ነበረብኝ።

አስናቀ ሼዷን እንድለቅ ሊነግረኝ የመጣ ዕለት ነው ነገሩ የተገለበጠው። በሩ ላይ ቆመና ማሽኑን አየ። ከዚያ በጣቱ ስክሪኖቹን ቆጠረ። ፊቱ እንደ አዲስ ሳንቲም በራ።

"ይኼ እኮ አንድ ለአምስት ነው!" አለ።

ለዘነጋችሁ ላስታውስ፤ ያኔ ገበሬውም፣ መምህሩም፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛውም አንድ ግንባር ቀደም ከፊት፣ አምስት ተከታይ ከኋላ እየሆነ ይደራጅ ነበር። አምስቱ ያጠፉትን አንዱ ያርማል፣ አንዱ ያወቀውን አምስቱ ያውቃሉ ይባላል፤ በየሳምንቱም ቁጭ ብለው ይገማገማሉ።

"ሰውን ለማደራጀት ስንት ስብሰባ ጨርሰናል!" አለ አስናቀ ግንባሩን ይዞ። "አንተ ማሽን አደራጅተህ ዝም? ማን አስተማረህ?"

"ክራቫት ያሰረ ሰው።"

"ይኼ ተሞክሮ ተቀምሮ መስፋት አለበት። ከዞን እንግዶች አመጣለሁ። ከተደሰቱ ሞዴል ነህ፤ ውልህ ይታደሳል። ካልተደሰቱ ግን..." አለና ወደ ጋሽ ፈንቴ ግድግዳ ተመለከተ።

ዕለቱኑ ጋሽ ፈንቴ ጋ ሄድኩ። እንግዶቹ በሚመጡበት ቀን ሞተሩን እንዳያስነሱ ለመንኳቸው። ጋሽ ፈንቴ የቅንድባቸውን ብናኝ ጠረግ አደረጉ።

"ስማኝ፣ ሼዷን ቢሰጡኝ አልጠላም" አሉኝ። "ግን አንተን ጥየ እንዲህ ባለ ነገር አልፈልጋትም። እንግዶችህ እስቲኼዱ ድረስ ሞተሬን አልነካም። እሽ?"

እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ያን ዕለት ሳል የለ፣ ትኩሳት የለ፣ እንቅልፌን ለጠጥኩ።

እንግዶቹ በጠዋት ይደርሳሉ ተብለው ለምሳ ሲቃረብ አውቶቡሳቸው ከተፍ አለ። ሠልጣኞቼ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ከጠዋት ጀምሮ ያንኑ አንድ መስመር ሲጽፉ ሲሰርዙ ውለዋል። ከፊት ወፈር ያሉ፣ ረጋ ያሉ የቡድኑ መሪ ገቡ፤ ከኋላቸው ሰው እየተጋፋ ሼዷን ሞላት። አስናቀ ዱላ ይዞ ወደ አጎበሩ አመለከተ።

"ግንባር ቀደሙ ይኸውላችሁ! እነዚህ ደግሞ አምስቱ ተከታዮች ናቸው። ግንባር ቀደሙ ያሰበውን አምስቱ ያሳያሉ። ከራሳቸው የሚጨምሩት ነገር የለም።"

"አጎበሩስ?" አሉ መሪው።

አስናቀ አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኑን ጨፈን አደረገ። "የወባ መከላከሉ ሥራ ከቴክኖሎጂው ጋር ተቀናጅቶ ነው።"

ሰው ሁሉ ጻፈ። እኔ ልቤ መለስ አለልኝ፤ ሼዷ የኔ ሆናለች ብዬ ጣሪያዋን በፍቅር አየኋት። በሚያፈሰው በኩል የምደፍንበትን ቆርቆሮ ሁሉ አሰብኩ።

ለካ አስናቀ ያልነገረኝ ነገር ነበር። እንግዶቹ ሲገቡ ግቢው ሥራ የፈታ እንዳይመስል ብሎ፣ ልክ ፉጨት ሲሰሙ ብየዳ ቤቱም፣ እንጨት መሰንጠቂያውም፣ መፈልፈያውም ባንድ ላይ እንዲነሱ ባለሱቆቹን በየተራ አስጠንቅቋቸዋል። ጋሽ ፈንቴን ደግሞ "ሞተሩን አስነሱ፤ በእንግዳ ፊት ግን በግድግዳ በኩል መጮኽ ነውር ነው" ብሏቸዋል። ጋሽ ፈንቴ ቃል ገብቻለሁ ቢሉት "እሱ ራሱ ተስማምቷል" አላቸው።

ፉጨቱ ተሰማ። የብየዳ እሳት ተረጨ፣ መጋዙ ጮኸ፣ ከግድግዳው ወዲያ የጋሽ ፈንቴ ሞተር አጓራ። መብራቱ ዓይኑን አንዴ አገላበጠና ሄደ። ማሽኑ አጎበሩ ውስጥ አንድ ጊዜ ተነፈሰ። አምስቱም ስክሪኖች ጥቁር ሆኑ።

ከእንግዶቹ መካከል አንድ ቀጭን ባለመነጽር እጁን አወጣ።

"ለግንዛቤ ያህል ነው" አለ። "ግንባር ቀደሙ ሲወድቅ አምስቱም አብረው ይወድቃሉ ማለት ነው? አንዱ እንኳ ራሱን ችሎ አይቆምም?"

ጥያቄው ስለ ኮምፒዩተር መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ማንም ሰው ዓይን ለዓይን ለመተያየት አልደፈረም። አስናቀ ዱላውን ከጀርባው ደበቀ። እኔ ሼዷ ስትሄድ፣ ዕቃዬን በጋሪ ጭኜ አስፋልቱን ስሻገር ታየኝ። በዚህ መሀል መብራቱ ተመለሰ፤ ማሽኑም ነቃ። በወጉ ሳይዘጋ የጠፋ ማሽን ሲነሳ መጀመሪያ ራሱን ይፈትሻል፤ አምስቱም ስክሪኖች ላይ "ይጠብቁ" የሚል ነጭ ጽሑፍ መጣ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አፌ ቀደመኝ።

"ግለ ሂስ ላይ ነው!" አልኩ።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

"ጉድለት ሲያጋጥመው መጀመሪያ የራሱን ስሕተት ይመረምራል። አምስቱ ደግሞ እስኪጨርስ ይጠብቁታል።"

መሪው ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው "ይጠብቁ" የሚለውን አነበቡ። "ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?"

"እንደ ጉድለቱ ነው።"

"ልክ ነው" አሉ መሪው በረጅሙ ተንፍሰው። "እንደ ጉድለቱ ነው።" ከዚያም አጨበጨቡ። ቤቱም ተከትሎ አጨበጨበ፤ ባለመነጽሩም አጨበጨበ።

ሞዴል ሆንኩ። በሰው ፊት ውሌ ታደሰ፤ ማዕረግ ያለበት ወረቀት በመስታወት ሆኖ ተሰጠኝ። ጋሽ ፈንቴ ሳይቀሩ መጥተው እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ፤ ከዚያ በሹክሹክታ ስለ ሞተሩ ይቅርታ ጠየቁ። ባለቤቴ የመስታወቱን ወረቀት የት እንደምንሰቅለው ስትለካ፣ አስናቀ ፒክአፕ ይዞ መጣ።

"ተሞክሮው ሊሰፋ ነው" አለኝ። "ማሽኑ ወደ ዞን ሄዶ ለየወረዳው ይታያል።"

"ማሽኑ? መቼ ይመለሳል?"

"ዙሩን ሲጨርስ።"

"አምስቱስ?"

"ተከታዮቹ እዚሁ ይቆዩ። የሚታየው ግንባር ቀደሙ ነው።"

ከነአጎበሩ ጫኑት። ፒክአፑ ወደ ደብረ ታቦር ሲታጠፍ አጎበሩ በነፋስ ሲውለበለብ እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። ሼዷን አገኘኋት፤ ሼዷን የፈለግሁበትን ነገር ግን ጭነውት ሄዱ። በማግሥቱ እንደ ልማዴ በሩን ከፈትኩ፤ ልጆቹም እንደ ልማዳቸው መጥተው በጥቋቁሮቹ ስክሪኖች ፊት ተቀመጡ። ጋሽ ፈንቴ በግድግዳው በኩል "ላስነሳ ነው!" ብለው ሲጮኹ ልጆቹ እጃቸውን ያጣጠፉበትን ፍጥነት ብታዩ ታዝኑ ነበር።

ማሽኑ እስካሁን ዙሩ ላይ ነው። አንዳንዴ አንበሳሜ ታይቷል ይሉኛል፤ አንዳንዴ ከዞን አልወጣም ይሉኛል።

አንድ ጠዋት አያ ደረሰ መጡ። የድንበራቸው ነገር ገና ስላልተቆረጠ ይግባኝ ሊያጽፉ ነው። ቀጥ ብለው ሄደው ሦስተኛው ስክሪን ፊት ተቀመጡ።

"ምነው ጠቆረ?"

ስለ ሰርቨሩ፣ ስለ ሶፍትዌሩ፣ ስለ ቨርቹዋል ዴስክቶፑ ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ደከመኝ።

"ትልቁ የለም፣ አያ። ስብሰባ ሄዷል።"

"ደብረ ታቦር?"

"ደብረ ታቦር።"

"እነዚህ አምስቱ ታዲያ?"

"እሱ እስኪመጣ ቁጭ ብለዋል።"

አያ ደረሰ አልተገረሙም፤ አልተቆጡምም። ዱላቸውን አንስተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"ተመሬቱ ቢሮም እንዲሁ አሉኝ፤ አሁን ተዚያው ነው የመጣሁ" አሉና ተነሱ። "እሽ፣ በሌላ ሳምንት እመለሳለሁ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ቨርቹዋል ዴስክቶፕ ምን እንደሆነ ወረታ ላይ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።